የባጃጁ ኢኮኖሚ፦ እኛ ግን የቱ ሲስተም ውስጥ ነው ያለነው?

የእህቴ ልጅ ለፈተና ስታጠና ደብተሯን ይዛ መጣችና "ጋሼ፣ የኢኮኖሚ ስርዓት አራት ነው ይላል፣ ባህላዊ፣ የዕዝ፣ የገበያ፣ ቅይጥ፣ እሺ እኛ የትኛው ነን?" አለችኝ። ቅይጥ አልኳት ቶሎ ብዬ፣ ፈተና ላይ መልሱ እሱ ስለሆነ። "አሜሪካስ?" ያው እሷም ቅይጥ ናት። "ቻይናስ?" ቅይጥ። ልጅቷ ትንሽ ዝም አለችና "ሁሉም ቅይጥ ከሆነ ታዲያ ምኑን ነው የምናጠናው?" ብላኝ ሄደች። እኔም እንደዛው ቁጭ አልኩ፣ ልክ ናታ።

ነገሩ የተማሪ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከሐምሌ 22፣ 2016 ወዲህ፣ ማለትም ብሔራዊ ባንክ የዶላርን ዋጋ ለባንኮችና ለደንበኞቻቸው ድርድር ከለቀቀ በኋላ፣ ታክሲ ውስጥም ቲክቶክ ላይም ለቅሶ ቤትም ክርክሩ ይሄው ነው። አንዱ "በቃ ካፒታሊስት ሆንን፣ ድሃ አለቀለት" ይላል፣ ሌላው "የምን ካፒታሊዝም፣ ትልቁ ባንክም ቴሌውም አየር መንገዱም መሬቱም በመንግሥት እጅ ሆኖ" ይላል፣ ሶስተኛው "ይሄ የአይኤምኤፍ ስራ ነው" ብሎ ይዘጋዋል። የሚገርመው ሶስቱም የሚያዩት ነገር አለ። አንዱ ዶላሩን ነው የሚያየው፣ ሌላው መሬቱን፣ ሌላው ብድሩን (ያኔ አይኤምኤፍ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ ያጸደቀው የአራት ዓመት ብድር 3.4 ቢሊዮን ዶላር ነው፣ ስሙ ዝም ብሎ አይነሳም)።

እኔ ይሄ ነገር የሚገባኝ ከሰፈራችን አስፋልት ጫፍ ላይ የሚቆመውን የባጃጅ ሹፌር ሳስብ ነው። ልጁ የመጣው ከጎጃም ነው። ከአባቱ የደረሰችው ግማሽ ሄክታር የማትሞላ መሬት አለችው፣ ታናሽ ወንድሙ የእኩል ያርሳታል። ባጃጇ የሱ አይደለችም፣ ለባለቤቷ በየቀኑ ገቢ ያስገባል፣ የተረፈው የሱ ነው። የሚቀዳው ቤንዚን ዋጋው መንግሥት በቆረጠው ነው፣ ጎማና ፍሬን ሸራ የሚገዛው ግን ነጋዴው ዶላሩን በስንት አገኘሁት እንዳለ ነው። ቀን ቀን ታሪፍ አለ፣ ሲመሽና ዝናብ ሲመጣ ታሪፍ የሚባል ነገር የለም፣ "ስንት ትሰጣለህ" ነው። ማታ ማታ ደግሞ ተራ አስከባሪዎቹ ጋር እቁብ ይጥላል። እንግዲህ በአንድ ባጃጅ ላይ አራቱም ሲስተም ተጭኗል፣ እቁቡ ባህላዊ፣ ቤንዚኑ የዕዝ፣ የዝናቡ ዋጋ የገበያ፣ አጠቃላይ ኑሮው ቅይጥ።

ስለዚህ "ምን ዓይነት ስርዓት ነን" ከሚለው ይልቅ ሶስት ጥያቄ ብንጠይቅ ይሻላል ባይ ነኝ፦ መሬቱ የማን ነው? ዋጋውን ማን ይቆርጣል? ዶላሩስ መጀመሪያ ማን እጅ ይገባል? የስርዓቱ ስም በየዘመኑ ይቀያየራል፣ እነዚህ ሶስቱ ግን ሁሌ በስሙ ፍጥነት አይቀያየሩም። ደግሞ በኋላ እንደምናየው ልጁ ለምን ከእርሻ ተነስቶ ፋብሪካ ሳይገባ ቀጥታ ባጃጅ ላይ እንደወጣም የሚያስረዱት እነዚሁ ናቸው።

ከመሬት እንጀምር። የንጉሡን ዘመን ብዙ ሰው "ነጻ ገበያ ነበር" ብሎ ነው የሚያስታውሰው፣ ሱቁም ባንኩም የግል ነበረና። ግን ገበሬው ካመረተው ላይ ሲሶውን ወይ እኩሌታውን ለባለርስቱ እየሰጠ የምን ነጻ ገበያ ነው። ተማሪው በ1957 "መሬት ለአራሹ" ብሎ አደባባይ የወጣው ለዚህ ነው። በዛ ላይ የንጉሡ መንግሥት ራሱ የአምስት ዓመት ዕቅድ ነበረው፣ አየር መንገዱም በ1938 ሲቋቋም ጀምሮ የመንግሥት ነው። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ በንጉሡ የመንግሥት፣ በደርግ የመንግሥት፣ በኢህአዴግ የመንግሥት፣ ዛሬም የመንግሥት። አራት መንግሥት፣ አራት የኢኮኖሚ ስም፣ አንድ ባለቤት። አሪፍ ስለሆነ ማንም አልነካውም ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ነው፣ ግን የ"ስርዓት" ስም ብቻውን ብዙ እንደማይናገር በደንብ ያሳያል።

ደርግ ሲመጣ ግን የምር ተቀየረ። 1967 ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው ሁሉም ያለቀው፣ ታህሳስ ላይ ባንክና ኢንሹራንስ፣ ጥር ላይ ፋብሪካዎች፣ የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት። በኋላ የግል ኢንዱስትሪ ካፒታሉ ከ500,000 ብር እንዳያልፍ ተባለ፣ ማለትም ብትጎብዝ እንኳ የምትጎብዝበት ጣሪያ ነበረው። ገበሬው መሬት አገኘ፣ ባለርስት ቀረለት፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ እስከዛሬ ያንን ቀን በደስታ የሚያነሱ ሽማግሌዎች አሉ። ግን ብዙ ሳይቆይ በባለርስቱ ቦታ ኮታ መጣ፣ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቆረጠው ዋጋ ይሄን ያህል ኩንታል አስገባ ተባለ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ኬላ። የራስህን ጤፍ ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላ ስትወስድ ኮንትሮባንድ ነህ። ከተማ ያለው ስኳርና ሳሙናውን በቀበሌ ሱቅ በካርድ ተሰልፎ ይወስዳል። እናቴ እስካሁን ስኳር ስታይ ትንሽ ለክፉ ቀን ካላስቀመጠች እንቅልፍ አይወስዳትም።

"ቅይጥ ኢኮኖሚ" የሚለው ቃል በመንግሥት ደረጃ የታወጀው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በራሱ በደርግ ነው፣ በ1982። ሶቭየት ስትንገዳገድ፣ ጦርነቱም ካዝናውን ሲያራቁተው፣ ኮሎኔል መንግሥቱ የግል ባለሀብት ይግባ፣ የኮታ ግዢው ይቅር አሉ። ገበሬው ይሄን እንደሰማ አብዛኛው የአምራቾች ማህበሩን በትኖ በሬውንና መሬቱን ተከፋፈለ፣ የማንም ካድሬ ስብሰባ አላስፈለገውም። ከዚያ ዓመት ከጥቂት ወር ቆይቶ ደርግ ራሱ ወደቀ።

ኢህአዴግ ገባና ብሩ ከ2.07 ወደ 5 ብር በዶላር ወረደ (1985 ላይ)፣ ቀጥሎ የግል ባንክ ተፈቀደ፣ አዋሽ በ1987 የመጀመሪያው ሆነ። ገበያ ገበያ ይሸት ጀመር። መሬት ላይ ግን ንክች የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አሰረው። ያኔ የቀረበው ክርክር ገበሬው በክፉ ቀን መሬቱን ሸጦ ከተማ ለልመና እንዳይፈልስ የሚል ነው፣ እኔ ይሄን ክርክር አልንቀውም፣ ድርቅ ባለበት ሀገር ሰው በረሃብ ወቅት መሬቱን በስንት ይሸጥ እንደነበር መገመት አያቅትም። ግን ሌላም ጎን አለው። መሬትህን መሸጥ ካልቻልክ፣ ለረጅም ጊዜ ጥለህ ከሄድክ ደግሞ የይዞታ መብትህ አደጋ ላይ ከወደቀ፣ አንድ እግርህ ገጠር አንድ እግርህ ከተማ ሆነህ ነው የምትኖረው። የኛ የባጃጅ ሹፌር ልክ እንደዛ ነው። ሸጦ ባጃጅ መግዛት አይችልም፣ ጥሎ መጥፋትም አይችልም፣ በየዓመቱ ለአዝመራ ሄዶ ፊቱን ማሳየት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፣ "መሬት የመንግሥት ከሆነ ሶሻሊስት ነው" የሚሉ አሉ። ሲንጋፖርን እዩ፣ በዓለም ነጻ ገበያ ደረጃ ሲወጣ ሁሌ ከላይ ናት፣ ግን መሬቱ በአብዛኛው የመንግሥት ነው፣ ከነዋሪው ደግሞ 80 ከመቶ ገደማው የሚኖረው መንግሥት በሰራው ቤት ነው። ቻይናም ገበሬውን ከ1978 ወዲህ (በፈረንጅ) በየቤቱ ያርስና ትርፉን ይሽጥ ስትለው ጉድ የሚያሰኝ ምርት አመጣ፣ መሬቱ ግን የግል አልሆነም። ስለዚህ ባለቤትነት ብቻውን ሙሉውን ወሬ አያወራም፣ በዛ መሬት ምን መስራት ትችላለህ፣ ላንተ ስንት ይቀርሃል፣ ነገ ማን ይነጥቅሃል የሚለው ነው ዋናው።

ዋጋ ላይ ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ያስቃል። መንግሥት ገበያ ነው እያለ ዋጋ የቆረጠበት ጊዜ ብዙ ነው። 2003 ታህሳስ መጨረሻ ላይ ዘይት፣ ስኳር፣ ዳቦ፣ ሥጋ፣ ሌላም ሌላም ላይ የዋጋ ጣሪያ ወጣ። ምን ሆነ? ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፣ ያለው በጓሮ ተሸጠ፣ ወራት ሳይቆይ ለአብዛኞቹ ዕቃዎች ተነሳ። የደርግን ኬላ ያየ ነጋዴ በእንዲህ ያለ ነገር አይደነግጥም፣ ዕቃውን ይደብቅና ይጠብቃል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገላብጧል። ነዳጅ ላይ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ቀስ በቀስ እየተነሳ ነው፣ ግን የችርቻሮ ዋጋውን አሁንም የሚያወጣው መንግሥት ነው፣ ማደያ ሄደህ አትከራከርም። ዶላርን በለቀቀበት በዛው 2016 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አወጣ፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም የሚመለከተው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲሆን የሚል። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ትልቁን ዋጋ ለገበያ ለቀህ የጓዳውን ዋጋ ትይዛለህ። ይሄ እርስ በርሱ ይጋጫል ብዬ ልስቅ አስቤ ነበር፣ ግን ሳስበው ምክንያቱ ይገባኛል፣ ዶላሩ ሲጨምር አከራዩ በማግስቱ በር ማንኳኳቱ አይቀርም፣ መንግሥትም ያንን ፈርቶ ነው። ችግሩ አከራይና ተከራይ ሁለት ውል የሚጽፉ መሆናቸው ነው፣ አንዱ ለወረዳ፣ አንዱ ለኪስ።

የቀበሌ ቤትን ደግሞ አትርሱ። ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ሄዱ፣ እና እስከ ቅርብ ጊዜ መሀል አዲስ አበባ ላይ በወር ጥቂት ብር የሚከፈልበት ቤት አጠገብ በወር በመቶ ሺህ የሚከራይ ሱቅ ታዩ ነበር። ሁለት የኢኮኖሚ ዘመን በአንድ ግድግዳ። አሁን የኮሪደር ልማቱ ከነዚህ ሰፈሮች ብዙዎቹን አነሳቸውና ያ ግድግዳም እየፈረሰ ነው፣ በምን ዋጋና ለማን የሚለው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ነው፣ እዚህ አልገባበትም።

ዶላሩ ግን የኔ ዋና ተጠርጣሪ ነው። ለዓመታት የነበረው አሰራር እንዲህ ነበር፦ ዶላር በባንክ አንድ ዋጋ፣ በጥቁር ገበያ ሌላ፣ ሊለቀቅ ሲል በባንክ 57 ብር፣ በጥቁር ገበያ የዛ እጥፍ ገደማ። በባንክ ዋጋ ዶላር ያገኘ ሰው ዕቃ አስገብቶ በጥቁር ገበያ ዋጋ ይሸጣል፣ ልዩነቱ ንጹህ ትርፍ ነው። ስለዚህ ዶላር ለማግኘት ሰው ያላደረገው የለም። ቡና በኪሳራ የሚልክ ኤክስፖርተር ነበር፣ ሞኝ ሆኖ አይደለም፣ ቡናው ላይ የከሰረውን ባገኘው ዶላር ጎማና መለዋወጫ፣ ብረትና መኪና አስገብቶ እጥፍ ስለሚያካክስ ነው። በዚህ ውስጥ የሚጎዳው ማነው? በሀቅ ቡና ልኮ ትርፉን ከቡናው ብቻ የሚጠብቀው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፋብሪካ ያለው። ፋብሪካ ያለው ሰው ጥሬ ዕቃ ለማስገባት ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ከፍቶ ወራት ወረፋ ይጠብቃል፣ ማሽኑ ቆሞ ለሰራተኛ ይከፍላል፣ ጎረቤቱ አስመጪ ግን አንድ ኮንቴይነር አስገብቶ ሶስት ሳምንት ውስጥ ሸጦ ይገላገላል። አንተ ገንዘብ ቢኖርህ የቱን ትመርጣለህ? መንግሥት እዚህ ላይ ጨምሮበት ከ2003 እስከ 2012 የግል ባንኮች ካበደሩት 27 ከመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ቢል (የብድር ሰነድ) እንዲገዙ አስገድዶ ነበር፣ ገንዘቡ ለመንግሥት ፕሮጀክቶች ይሂድ ተብሎ። ለግሉ አምራች የሚተርፈው ብድር በዛው ልክ አነሰ።

ከለቀቁት በኋላ የሆነውን ደግሞ ወርቅ ላይ እዩት። ወርቅ የሚያወጣው ባህላዊ አምራች ለብሔራዊ ባንክ ቢያቀርብ በባንክ ዋጋ ነበር የሚከፈለው፣ ድንበር ቢያሻግር በጥቁር ገበያ፣ እና ወርቃችን ድንበር ይሻገር ነበር። ዋጋው ሲስተካከል በ2017 በጀት ዓመት ከወርቅ ብቻ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገባ፣ ቡናን (ከ2.6 ቢሊዮን በላይ) በለጠው። የዓለም ወርቅ ዋጋም ስለጨመረ ነው በርግጥ፣ ግን ተራራው በአንድ ዓመት ወርቅ አላበቀለም፣ መንገዱ ነው የተቀየረው። አረብ ሀገር ያለችው እህታችን የምትልከውም እንደዛው፣ በሀዋላ ሰው በኩል ይመጣ ከነበረው ከፊሉ ባንክ መግባት ጀመረ። በሌላ በኩል ያው ዶላር ዘይትና መድኃኒት ላይ ሲያርፍ የደሞዝተኛውን ወገብ ሰበረው፣ ይሄንን "ማስተካከያ" በሚል ቃል ብቻ ማለፍ ነውር ነው።

አሁን ወደ ሴክተሮቹ እንምጣ፣ ልጅቷ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እሱ አለባት። መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው፦ አንደኛ ከመሬት የሚወጣ (እርሻ፣ ከብት፣ ዓሣ፣ ማዕድን)፣ ሁለተኛ ያንን የሚቀይር ፋብሪካና ግንባታ፣ ሶስተኛ አገልግሎት፣ አንዳንዱ አራተኛ ብሎ እውቀትና መረጃን ይጨምራል። ሀገር ሲያድግ ሰው ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሶስተኛው ይሄዳል። እንግሊዝ እንዲህ ሄደች፣ ጃፓን እንዲህ ሄደች፣ ኮሪያም።

የኛ ቁጥር ሲታይ ደህና የሄድን ይመስላል። እርሻ ከጠቅላላ ምርቱ ሲሶ ገደማ ነው፣ አገልግሎት ወደ 40 ከመቶ፣ ኢንዱስትሪም ከሩብ በላይ ነው። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከሰራተኛው ከ60 ከመቶ በላይ አሁንም እርሻ ላይ ነው። ከመቶ ሰራተኛ ከ60 በላይ የሚሆነው ሲሶዋን ዳቦ ይከፋፈላል ማለት ነው፣ ድህነቱ የት እንደተቀመጠ ከዚህ በላይ የሚነግርህ ቁጥር የለም። ሁለተኛ፣ "ኢንዱስትሪ አደገ" ሲባል ፋብሪካ እንዳይመስላችሁ፣ በኛ ሂሳብ አያያዝ ግንባታም፣ ማዕድንም፣ መብራት ኃይልም ኢንዱስትሪ ውስጥ ነው የሚቆጠሩት፣ ትልቁን ድርሻ የያዘው ግንባታ ነው። ማኑፋክቸሪንግ፣ ማለትም ጫማና ጨርቅና ዱቄት የሚያመርተው፣ ከጠቅላላ ምርት 10 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ፎቅ እንጂ ፋብሪካ አይደለም ያደገው። ፎቅ ደግሞ እየተሰራ ሳለ ቀጥሮ ሲያልቅ ይበትናል፣ ፋብሪካ ግን ከሮጠ በየቀኑ ይቀጥራል።

ያልተሞከረ እንዳይመስላችሁ ግን። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ተስፋው ትልቅ ነበር፣ ሼዱ በወራት ውስጥ አለቀ፣ የውጭ ልብስ ሰፊዎች ገቡ፣ ከየገጠሩ ወጣት ሴቶች መጡ። መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር አካባቢ ነበር፣ በግሉ ዘርፍ ደግሞ ያኔ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አልነበረም። ከተማው ላይ የክፍል ኪራይ ወዲያው ናረ፣ አራት አምስት ልጆች አንድ ክፍል ተጋርተው እየተኙ ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ጥለው ሄዱ። ያው የመሬቱ ጉዳይ እዚህ ደግሞ ኪራይ ሆኖ ይመጣል፣ ከተማው ለሰራተኛ የሚሆን ቤት በሚፈለገው ፍጥነት አልሰራም። ከዛ የትግራይ ጦርነት መጣ፣ ትልቁ ገዢ፣ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች፣ በ2014 መጀመሪያ ለቆ ወጣ፣ ታህሳስ 23፣ 2014 ደግሞ አሜሪካ ከአጎዋ (ለአፍሪካ ሀገራት ከሰጠችው ከቀረጥ ነጻ ዕድል) አስወጣችን፣ ያለቀረጥ ይገባ የነበረው ሸሚዝ ቀረጥ ተጫነበት። ፓርክ መስራት ከባዱ አይደለም፣ ከባዱ በዙሪያው ያለው ነው።

ኮሪያን ብዙ ጊዜ እንጠቅሳለን፣ "እነሱም እንደኛ ድሃ ነበሩ" ምናምን። እሺ፣ ግን ምን እንዳደረጉ እንይ። በ1950 አካባቢ (በፈረንጅ) መሬቱን ለአራሹ አከፋፈሉ፣ በግል ይዞታነት። ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ በ1961 (በፈረንጅ) ስልጣን ሲይዝ ባንኮቹን መንግሥት ያዛቸው፣ ብድሩን ለፈለገው ይሰጥ ነበር፣ ይሄ የገበያ ኢኮኖሚ መጽሐፍ ላይ የለም። ግን ብድር የወሰደ ድርጅት በዓመቱ ይሄን ያህል ኤክስፖርት ካላደረገ ቧንቧው ይዘጋበታል። የኛ "ልማታዊ መንግሥት" (ኢህአዴግ ራሱን እንዲህ ነበር የሚጠራው) የመጀመሪያውን ግማሽ፣ ባንኩን መያዝና ብድሩን መምራት፣ በደንብ ኮረጀ፣ ሁለተኛውን ግማሽ፣ ቧንቧ መዝጋቱን፣ ግን አልኮረጀም። ብድር ወስዶ ያልሰራ ሰው ሲቀጣ ያየነው ስንቴ ነው? የስኳር ፋብሪካዎቹን ጉዳይ ማንሳት ይበቃል፣ አስር ፋብሪካ ተብሎ ተጀምሮ ስኳር አሁንም ከውጭ እናስገባለን።

ስለዚህ ከእርሻ የወጣ ሰው የት ይሂድ? መሬቱን ሸጦ መነሻ ካፒታል አያገኝ፣ ፋብሪካው ዶላር አጥቶ ቆሟል፣ የቀጠረውም ኪራይ የማይሸፍን ደሞዝ ነው የሚከፍለው። ሦስተኛው ሴክተር ውስጥ ዘሎ ይገባል፣ ሊስትሮ፣ ጀበና ቡና፣ ጉሊት፣ ድለላ፣ ባጃጅ። ይሄ እንግሊዝ ዛሬ ያለችበት "አገልግሎት" አይደለም፣ እዛ ባንክና ሶፍትዌር ነው፣ እዚህ ሌላ ስራ ስለጠፋ የተፈጠረ ስራ ነው። በስታቲስቲክስ ግን ሁለቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፣ "የአገልግሎት ዘርፍ አድጓል" ይባላል፣ እኛም እናጨበጭባለን።

የቴሌው ጉዳይ ከዚህ ይለያል፣ ፍትሃዊ ለመሆን ያህል። ሳፋሪኮም በ2013 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ከወሰደ በኋላ፣ በዛው ዓመት ደግሞ ቴሌብር ሲመጣ፣ ዳታ ረከሰ፣ ጉሊት ያለችው ሴትዮ ሳትቀር በስልክ ትቀበላለች። ይሄ ውድድር የሰራው ስራ ነው፣ ማንም ሊክደው አይችልም። ግን እዚህም ሲስተሙ ድብልቅ ነው፣ በ2017 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲቀርብ ከ100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ብቻ ነው። ሰው ገንዘብ አልነበረውም ወይስ አላመነም? ሁለቱም ይመስለኛል። ለአርባ ዓመት ንብረት ሲወረስና ሲከለከል ያየ ማህበረሰብ ወረቀት ገዝቶ የመንግሥት ድርጅት ባለቤት ነህ ሲባል ቆም ብሎ ያስባል፣ ቤት ወይ ወርቅ መግዛት ይቀለዋል።

ከፊታችን ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው እኔን የሚያጓጉኝ። አንዱ ታህሳስ 2017 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የፈቀደው አዋጅ፣ እስኪ ማንን ያበድራሉ? ለአስመጪ ነው ወይስ ለአምራች? ሁለተኛው በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝ እንዲችል ይላል። አይሸጥም አይለወጥም ከሚለው ሳይወጡ ትንሽ በር መክፈት ነው። በወረቀት ከሆነ ዶላሩ ከተለቀቀው በላይ ትልቅ ነገር ይሄ ይመስለኛል፣ ብዙ ሰው ግን አላወራበትም።

የባጃጁን ልጅ በቀደም ስለዚህ ጠየቅኩት። ቤንዚን አላስኬደው ስላለ የኤሌክትሪክ ባጃጅ የራሱ ለማድረግ እያሰበ ነው፣ መንግሥትም የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ገበያው ወደዛው እየሄደ ነው። አንድ ባንክ ሄዶ ብድር ጠየቀ፣ "ምን ታስይዛለህ? ቤት አለህ? መኪና?" አሉት። መሬት አለኝ አላቸው፣ የይዞታ ደብተሩም እንዳለው ነገራቸው። የት ነው ሲሉት ጎጃም ሲላቸው የባንኩ ሰራተኛ ፈገግ ብላ ቀጣዩን ደንበኛ ጠራች። እቁቡ የሚደርሰው ግንቦት ላይ ነው፣ እስከዛ በገቢ ይሰራል።